ስማቸው የቀደመ፣ ዝምድናቸው የዘገየ፦ የሐሩር ክልል ዘላይ ሸረሪቶች

ድር ዘርግተው የሚበሉት ነፍሳት እስኪጠመድ ከሚጠብቁት ሸረሪቶች በተለየ፣ በቀን ብርሃን እየተዘዋወሩ፣ የሚያድኑትን በዓይናቸው ፈልገውና አድፍጠው ከቀረቡ በኋላ በአንድ ዝላይ የሚይዙ ሸረሪቶች አሉ፤ ሳይንሱም እነዚህን ሁሉ ሳልቲሲዴ በሚባል አንድ ቤተሰብ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ቤተሰብ ማለት እዚህ ላይ የምደባ እርከን ሲሆን፣ በጣም የሚቀራረቡ ዝርያዎች ተሰብስበው ጂነስ የተባለውን ወገን ይመሠርታሉ፣ የሚዛመዱ ጂነሶች ደግሞ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። ሳልቲሲዴ ከ6,000 በላይ ዝርያዎችንና ከ600 በላይ ጂነሶችን የያዘ፣ በዝርያ ብዛት ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ የሚልቅ ነው፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት ከምድር ወገብ በሰሜንና በደቡብ በተዘረጋው ሐሩር ክልል፣ በደን ቅጠል ላይ፣ በዛፍ ልጥ ሥር፣ በረገፈ ቅጠል ውስጥና በቤት ግድግዳ ላይ ነው። በስዊዘርላንድ የበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያስተዳድረው የዓለም ሸረሪቶች ካታሎግ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 50,000ኛውን የሸረሪት ዝርያ ሲመዘግብ፣ ዕጣው የደረሰው ጉሪዩሪየስ ሚኑዋኖ ለተባለች የደቡብ አሜሪካ ዘላይ ሸረሪት መሆኑ እንግዲህ እምብዛም አያስገርምም።

ቤተሰቡን ከሌሎች ሸረሪቶች መለየት ለጀማሪም አያስቸግርም። ከስምንቱ ዓይኖች አራቱ ጠፍጣፋ በሆነው ፊት ላይ ተደርድረው ወደፊት ያያሉ፤ የመካከለኞቹ ሁለቱ ከሁሉም ይተልቃሉ፣ ወደ ውስጥም እንደ ረጅም ቱቦ የተሠሩ ናቸው፤ በቱቦው መጨረሻ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ማለትም ሬቲናው፣ በጡንቻ እየተሳበ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። በአሜሪካ ሐሩር ክልል በምትገኘው፣ ገላዋ አረንጓዴና ብርሃን አሳላፊ በሆነችው ሊሶማነስ፣ ይህ የሬቲና እንቅስቃሴ ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው እንኳ በግልጽ ይታያል። አስቸጋሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ ሲጠየቅ ነው። ስም መስጠትና መመደብ ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ሥራ ቢቆጠሩም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በሐሩር ክልል ዘላይ ሸረሪቶች ዘንድ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞት ሄዷል፣ ዛሬ በካታሎጉ ውስጥ የሚታየው ውጥንቅጥም የዚያ መቀዳደም ውጤት ነው።

የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አሰጣጥ በጠቅላላው የሚነሣው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው የሲስተማ ናቹሬ አሥረኛ እትም ነው። ሸረሪቶች ግን በዚህ ረገድ የተለየ መብት አላቸው፤ የሊኒየስ አገር ሰው የሆነው ካርል አሌክሳንደር ክለርክ ስለ ስዊድን ሸረሪቶች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ወጣ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አሰጣጥ ሕግ ለዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ከሊኒየስ የመቅደም ሥልጣን ሰጥቶታል። ክለርክ ከሰየማቸው መካከል ጥቁርና ነጭ መስመር ያላት፣ ዛሬ ሳልቲከስ ሴኒከስ የምትባለው ሸረሪት ትገኛለች፤ የቤተሰቡም ስም የተወሰደው መዝለልን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ከወጣው ከዚሁ የጂነስ ስም ነው። መነሻው የሰሜን አውሮፓ መሆኑ ግን የራሱን ጣጣ አስከትሏል፤ በቀዝቃዛ አገር ላሉ ጥቂት ዝርያዎች የተዘጋጀው ክፍፍል ከሐሩር ክልል በመርከብ ለሚመጣው ብዛት አልበቃም፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዘላይ የሆነው ሁሉ አተስ በሚባል አንድ ጂነስ ውስጥ እየተጨመረ ኖረ።

የስም ሕጉ ራሱ በጥቂት መርሖዎች ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ቃል ያለው ስም ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው የጂነሱ፣ ሁለተኛው የዝርያው መለያ ነው። አንድ ዝርያ ብዙ ስም ወጥቶለት ከተገኘ በሕጉ መሠረት አስቀድሞ የታተመው ይጸናል፣ የቀሩት ሲኖኒም ወይም ተደራቢ ስም ተብለው ይመዘገባሉ። ከስሙ ቀጥሎ የሰያሚው ስምና ዓመት ይጻፋል፤ እነዚህ በቅንፍ ውስጥ ከሆኑ ዝርያው መጀመሪያ ከተቀመጠበት ጂነስ ወደ ሌላ መዛወሩን ያመለክታሉ። ለምሳሌ በሐሩር አገሮች ግድግዳ ላይ የምትገኘው ሸረሪት በመዝገብ ላይ ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊ (ኦዱዋን፣ 1826) ተብላ ትሰፍራለች። ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ከዘመተ በኋላ በተዘጋጀው ታላቅ የግብፅ መግለጫ ውስጥ የሸረሪቶቹን ሥዕል ያሠራው ሳቪኚ የዓይኑን ብርሃን እያጣ በመሄዱ ማብራሪያውን መጻፍ አልቻለም፤ ሥራው ለቪክቶር ኦዱዋን ተሰጠ፣ እርሱም ይህችንና ሃሳሪየስ አዳንሶኒ የምትባለውን ሌላ የቤት ሸረሪት በዘመኑ ልማድ አተስ ብሎ ሰየማቸው። ሁለቱም ከሰውና ከሸቀጥ ጋር እየተጓዙ በሐሩር ክልል ሁሉ ተሠራጭተዋል፤ በደረሱበት ወደብም እንደ አዲስ እየተቆጠሩ ተጨማሪ ስም ይወጣላቸው ስለ ነበር፣ የተደራቢ ስማቸው ዝርዝር ረዘም ይላል።

ሕጉ ስለ ስሙ ትክክለኛነት ሳይሆን ስለ ጽናቱ ይጨነቃል። እንግሊዛዊው ቄስ ኦክታቪየስ ፒካርድ ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1874 አንዲት የአውስትራሊያ ዘላይ ሸረሪት ሲገልጽ፣ ተባዕቱ በሆዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሽፋኖች ዘርግቶ ይንሳፈፋል የሚል ወሬ ስለ ደረሰው “በራሪ” የሚል ትርጉም ያለው ቮላንስ የሚለውን ስም ሰጣት። ሸረሪቷ እንደማትበር፣ ባለ ብዙ ቀለሙ ሽፋንም ተባዕቱ እንስቷን ለማማለል የሚዘረጋው ጌጥ እንደሆነ በኋላ ታውቋል፤ ሆኖም ስሙ ትርጉሙ ስላልተስማማ ብቻ ሊሻር አይችልምና ማራተስ ቮላንስ እንደተባለች ቀርታለች።

ስሙን ከእንስሳው ጋር የሚያስረው ሆሎታይፕ የሚባለው ዋቢ ናሙና ነው፤ ይህም ሰያሚው ዝርያውን ሲገልጽ በእጁ የያዘው፣ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ በሙዚየም የሚቀመጥ አንድ ሸረሪት ማለት ነው። አልኮል ግን ቀለምን ያደበዝዛል፤ በደን ውስጥ እንደ ብረት የሚያንጸባርቀው ተባዕት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ዝርያን የሚለዩት በዋነኛነት በመራቢያ አካል ነው። የጎልማሳው ተባዕት ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ፔዲፓልፕ የሚባሉ አጫጭር አካላት ጫፋቸው አብጦ የተጨበጠ እጅ ይመስላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን እብጠቱ በውስጡ ቱቦ የተጠቀለለበት ጉብታ ነው፣ ከጉብታውም ኢምቦለስ የተባለው ቀጭን የዘር ማስተላለፊያ መርፌ ይወጣል፣ ከበላዩ ባለው አንጓ ጎን ደግሞ እሾህ የሚመስል ጉጥ ይታያል። የመርፌው ርዝመትና አጣጣፍ፣ የእሾሁም ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የእንስቷ መለያ በሆዷ ሥር ያለው ኤፒጋይን የተባለ ጠንካራ ክፍል ነው፤ ይህ ተቆርጦ በቅርንፉድ ዘይት ወይም በሌላ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ብርሃን አሳላፊ ይሆንና በስተጀርባው ያሉት ቱቦዎችና የዘር ማከማቻ ከረጢቶች ይገለጣሉ። ችግሩ የተባዕቱና የእንስቷ መለያ ፍጹም የተለያየ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ አብረው ካልተያዙ ባልና ሚስቱ ሁለት ዝርያ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ፣ ይህም በተደጋጋሚ ሆኗል።

ባጊራ ኪፕሊንጊ የተባለችው ሸረሪት ታሪክ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያሳያል። በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ ነዋሪዎች የነበሩት ባልና ሚስት፣ ጆርጅና ኤልሳቤጥ ፔክሃም፣ ዘላይ ሸረሪቶችን በሕይወት እያሉ በመመልከት እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ተባዕቶቹ የማማለል ውዝዋዜ ዝነኛ ጥናት ያሳተሙ ነበሩ፤ ከመካከለኛው አሜሪካ የተላከላቸውን ግን በአልኮል እንደተቀመጠ ከመግለጽ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። በ1896 ባወጡት ሥራ አንዱን ተባዕት፣ ከሁለት ዓመት በፊት በታተመው የሩድያርድ ኪፕሊንግ የጫካው መጽሐፍ ውስጥ ባለው ጥቁር ነብር ስም ባጊራ ብለው ጂነሱን፣ በደራሲው ስም ደግሞ ዝርያውን ሰየሙ፤ አኬላና መስዋ የተባሉትን ጂነሶችም ያወጡት ከዚያው መጽሐፍ ነው። የዚህችው ሸረሪት እንስት በሳይንሳዊ መንገድ የተገለጸችው በ1996፣ ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አኗኗሯ ይበልጥ ዘገየ፤ በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሸረሪቷ የምትኖረው በሜክሲኮና በኮስታሪካ በሚበቅል፣ እሾሁ ውስጥ ጉንዳን በሚያስጠጋ የግራር ዓይነት ላይ ሲሆን፣ ግራሩ ለጠባቂ ጉንዳኖቹ ቀለብ እንዲሆን በቅጠሉ ጫፍ የሚያበቅለውን ገንቢ ፍሬ መሰል እብጠት ከጉንዳኖቹ እያመለጠች ትለቅማለች። በሜክሲኮ ከምግቧ 90 በመቶ በላይ፣ በኮስታሪካ 60 በመቶ ያህል የሚሆነው ይኸው የተክል ምግብ ነው። ከ50,000 በላይ በሆኑት ሸረሪቶች መካከል በዋነኛነት በተክል እንደምትኖር የታወቀችው ይህች ናት፤ የአዳኝ ነብር ስም ይዛ መቅረቷ ግን ማንንም አላስቸገረም።

ወደ ምደባው ሲመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለምን ዘላይ ሸረሪቶች ሁሉ በአንድ ሥርዓት ሊያደራጅ የደፈረው ፈረንሳዊው ዩጂን ሲሞን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1903 በወጣው ታላቅ ሥራው፣ በመንጋጋው የኋላ ጠርዝ ያለውን ጥርስ መሠረት አድርጎ ቤተሰቡን ብዙ ጥርስ ያላቸው፣ አንድ ጥርስ ያላቸውና ጥርሳቸው የተሰነጠቀ በሚል በሦስት ከፈለው። ክፍፍሉ ለአጠቃቀም የሚመች ስለነበር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ ጥርስ ግን ከሚበላው ምግብና ከአደን ስልት ጋር ሊለወጥ የሚችል ነገር በመሆኑ ስለ ዘር ግንድ የሚሰጠው ምስክርነት ደካማ ነው። ሲሞንን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ በእጁ የነበረው የሞተ ናሙናና ማጉያ መነጽር ብቻ ነበርና።

ነገሩ የተለወጠው የዘር ቅንጣት፣ ማለትም ዲኤንኤ፣ ማወዳደር ሲጀመር ነው። ካናዳዊው ዌይን ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ከማርሻል ሄዲን ጋር፣ በኋላም ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ባወጧቸው ጥናቶች የተገለጠው፣ ዝምድናው ከመልክ ይልቅ ከአህጉር ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑ ነበር። አሚኮይዳ የተባለው ትልቅ ክፍል ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚገኘው በአሜሪካ ሐሩር ክልል ነው፤ አስቲዮይዳ የተባለው በአውስትራሊያና በአካባቢዋ በዝቶ ይገኛል፤ አፍሪካና እስያም የየራሳቸው ሰፋፊ ወገኖች አሏቸው። በየአህጉሩ ያሉት እነዚህ ወገኖች ለየብቻቸው የቅጠል ነዋሪ፣ የግንድ ነዋሪና የመሬት ነዋሪ ዓይነቶችን ስላስገኙ፣ የሩቅ ባዕዳን እየተመሳሰሉ የቅርብ ዘመዳሞች ተለያይተዋል። ማዲሰን በ2015 ይህን ሁሉ አጠቃለው ቤተሰቡን በሰባት ንዑሳን ቤተሰቦች የመደቡ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዝርያ ከዘጠኙ በላይ የሚሆነው ሳልቲሲኔ በተባለው በአንዱ ውስጥ ተጠቃሎ፣ የቀሩት ስድስቱ በአብዛኛው በሐሩር ደኖች የቀሩ ጥንታውያን ቅርንጫፎች ሆነው ታይተዋል። አስቀድሞ ከሊሶማነስ ጋር በአንድነት ይቆጠሩ የነበሩት በአፍሪካና በእስያ የምትገኘው አሰሞኒያና የእስያዋ ኦኖማስተስም የየራሳቸው ንዑስ ቤተሰብ ተሰጥቷቸዋል።

ጉንዳን መሳይ ሸረሪቶች ለዚህ መምታታት ዋናዎቹ ምስክሮች ናቸው። በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የተስፋፋችው ሚርማራክነ ወገቧ የቀጠነ፣ ፊተኛ እግሮቿን አንሥታ እንደ ጉንዳን አንቴና የምታወዛውዝ ናት፤ የጎልማሳው ተባዕት መንጋጋ ደግሞ ወደፊት ረዝሞ ስለሚወጣ፣ ሸክም የተሸከመ ጉንዳን ያስመስለዋል። የአሜሪካዋ ሳሪንዳ በመልክ ትመስላታለች፣ በዘር ግን የአሚኮይዳ ወገን ናት፤ ጉንዳን መምሰል በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ለየብቻው ተፈጥሯል። ሚርማራክነ ራሷ ከመቶ በላይ ዝርያ የተጠራቀመባት በመሆኗ ፖላንዳዊው ዬዢ ፕሩሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ በርካታ ጂነሶች ከፋፍለዋታል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጥናት ውስጥ የገባችው ቀደም ብላ ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ፓቬሲ እ.ኤ.አ. በ1883 በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት ላይ ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ጥናት አሳትሟል። የኢትዮጵያን ዘላይ ሸረሪቶች ለብቻ የሚመለከት፣ አዳዲስ ዝርያዎችን የያዘ ሥራ ደግሞ በ2008 በፖላንዳዊቷ ቫንዳ ቬሶዎፍስካና በባልደረባቸው ወጥቷል። ቬሶዎፍስካ በአፍሪካ ዘላይ ሸረሪቶች ላይ ከሠሩት ሁሉ ግንባር ቀደሟ ናቸው፤ በ1986 ያሳተሙት የሄሊዮፋነስ ጂነስ ክለሳ፣ ማለትም የተጻፈውን ሁሉ ከዋቢ ናሙናዎቹ ጋር አመሳክሮ እንደገና የማስተካከል ሥራ፣ ዛሬም የማይታለፍ ነው። አዲስ ዝርያ መሰየም ይበልጥ ይወደሳል፤ በእርግጥ ግን አንድ በደንብ የተሠራ ክለሳ ከብዙ አዳዲስ ስሞች ይበልጣል፣ ምክንያቱም በአንድ ጾታ ብቻ የሚታወቁት ስሞች እያደር ሲበዙ የሚቀጥለው ተመራማሪ ያገኘው ነገር አዲስ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በአውሮፓ ሙዚየሞች የተበተኑትን ጠርሙሶች ሁሉ መመርመር ይኖርበታል።

በስልክ የተነሣ ጥሩ ፎቶግራፍ አንዳንዱን ለመለየት ይበቃል፤ ጥቁር ሆኖ በመካከሉ ነጭ መስመር የወረደበት የፕሌክሲፐስ ፔይኩሊ ተባዕት ለለመደ ዓይን አይሰወርም። ትንንሽና ጥቁር አንጸባራቂ የሆኑት ሄሊዮፋነሶች ግን በፎቶግራፍ ቢበዛ ጂነሳቸው ይታወቃል፤ ዝርያቸው የሚለየው በተባዕቱ ፔዲፓልፕ የጭን አንጓ ላይ በበቀለው፣ ከዝርያ ዝርያ ቅርጹን በሚለውጠው ቀንድ መሰል ጉጥና በጉብታው አሠራር ሲሆን፣ ይህም ናሙናው በአልኮል ተይዞ ከማይክሮስኮፕ ሥር እስኪደርስ ድረስ አይታይም።