ሁለት ሲሊንደር የተቀነሰለት ሞተር

ሙኒክ፣ 1980ዎቹ። ኢንጂነር ፖል ሮሸ ቢኤምደብሊው ለቱሪንግ ካር ውድድር ለሚያዘጋጀው ኤም3 ሞተር ሊመርጥ ነው። ኩባንያው የሚታወቀው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በመሥራት ስለሆነ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ያንኑ ነበር። ሮሸ ግን 4 ሲሊንደር መረጠ።

ምክንያቱ ክራንክሻፍቱ ነው። ፒስተኖቹ ተራ በተራ በገፉት ቁጥር ይህ ዘንግ እንደሚጨመቅ ልብስ ጠምዘዝ ይልና ይመለሳል። በረዘመ ቁጥር መጠማዘዙ ይብሳል፤ ሞተሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር ሲሽከረከር ደግሞ ንዝረቱ ብረት እስከ መስበር ይደርሳል። አጭሩ የ4 ሲሊንደር ዘንግ ግን 10,000 ዙር እንዲችል ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ክብደቱም ያንሳል፤ አፍንጫዋ የቀለላት መኪና ኩርባ ላይ ለሾፌሯ ትታዘዛለች።

ሥራው ከባዶ አልተጀመረም። ብሎኩ የተወሰደው ከ1962 ጀምሮ ሲመረት ከነበረው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ነው። በ1983 ኔልሰን ፒኬን የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ያደረገው የቱርቦ ሞተርም የተሠራው በዚሁ ብሎክ ላይ ነበር። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ደግሞ የመጣው ኤም1 ከተባለው ስፖርት መኪና ባለ 24 ቫልቭ ሞተር ነው። እሱ የ6 ሲሊንደር ስለነበር ሁለት የማቃጠያ ክፍሎች ቆርጠው ጣሉና ክፍት የቀረውን ጫፍ ዘጉት። የሙከራ ሞተሩ በሁለት ሳምንት ተጠናቀቀ! ዝምድናው በቁጥርም ይታያል፦ በሁለቱም የሲሊንደሩ ስፋት 93.4፣ የፒስተኑ ምት 84 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 6ቱ 3,453 ሲሲ፣ ባለ 4ቱ 2,302።

ኤም3 የምትወዳደርበት ምድብ፣ የግሩፕ ኤ፣ ደንብ ተወዳዳሪዋ መኪና በ12 ወር ውስጥ በ5,000 ብዛት እንድትመረት ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ያ የውድድር ሞተር በ200 የፈረስ ጉልበት ተገርቶ ለተራ ገዢም ደረሰ። በውድድር ሜዳ 300 ገደማ ወጣ፤ ያለ ቱርቦ። የፎርድ ሲየራ አርኤስ500 በቱርቦ ከ500 በላይ ያወጣ ስለነበር ቀጥ ባለው መንገድ ኤም3 ትበለጥ ነበር። ለእኔ የሮሸ ምርጫ ትክክለኛነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቀላሏ መኪና ጎማና ፍሬን ትቆጥባለች፣ ሳትሰበርም ትጨርሳለች። በ1987 ሮቤርቶ ራቫሊያ በኤም3 የዓለም ቱሪንግ ካር ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ኤሪክ ቫን ደ ፑል የጀርመኑን ዲቲኤም ዋንጫ የወሰደው በዚችው መኪና፣ አንድም ውድድር በአንደኝነት ሳይጨርስ ነው። እንዲህ ያለ ዋንጫ የሚገኘው ሞተሩ ሳምንት ከሳምንት ሳይከዳ ሲቀር ብቻ ነው።

ተቀናቃኞቹ ሲበረቱም ሲሊንደር አልተጨመረም። በ1990 በ600 ብቻ የተሠራው ስፖርት ኢቮሉሽን ስፋቱ ወደ 95፣ ምቱ ወደ 87 ሚሊሜትር አድጎ 2,467 ሲሲ ደረሰ። በ1992 የመጣው አዲሱ ኤም3 ግን ባለ 6 ሲሊንደር ነበር፤ እሱ ከጅምሩ የታሰበው ለመንገድ ነው።