ዋይፋይ በቅብብሎሽ፦ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ማደሪያ

ማታ ማታ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩን የሚነካካ ሠልጣኝ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ዋይፋዩ እዚያ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ስለዚህ ለነገ የማስተማር ልምምድ ጽሑፍ የሚፈልግ ሁሉ ብርዱን ችሎ መቆም አለበት። መምህራንም ቢሆኑ ከዚህ አልተረፉም። «ታዲያ ለምን ሌላ ራውተር አይጨመርም?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብን፣ በዚህ እትም «ሜሽ» ስለሚባለው የገመድ አልባ ቅብብሎሽ የምናውቀውን ለማካፈል ወደድን።

ነገሩ ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። ከሸንተረሩ ማዶ ላለ ሰው መልእክት ሲኖር አንዱ ይጣራል፤ መካከል ያለው ሰምቶ ወደሚቀጥለው ያሻግራል። ሜሽም እንዲሁ ነው። ከኢንተርኔቱ መስመር ጋር የሚያያዘው አንዱ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ መብራት ካገኙ በቂያቸው ነው፤ መረጃውን በአየር እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። ሁሉም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ስለሚይዙ፣ ሰው ከክፍል ወደ ማደሪያ ሲሄድ ስልኩ ራሱ ደህና ወደሚሰማው ይዞራል። ከመካከል አንዱ ቢጠፋም፣ ሌላ መንገድ ካለ መልእክቱ በዚያ ያልፋል።

የሆነ ሆኖ ቅብብሎሽ ዋጋ ያስከፍላል። ሰው እየተጣራ በዚያው ቅጽበት ማዳመጥ አይችልም። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው መሣሪያም ተቀብሎ ሲጨርስ ነው የሚያስተላልፈው፤ በዚህም ምክንያት ፍጥነቱ በየቅብብሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከመነሻው 40 ሜጋቢት የነበረው ከአንድ ቅብብል በኋላ 20፣ ከሁለት በኋላ 10 ቢሆን አይግረማችሁ። ሁለትና ሦስት ሬዲዮ ያላቸው አሉ፤ አንዱን ለእርስ በርስ መቀባበያ፣ ሌላውን ለተጠቃሚው ስለሚያውሉት ይሻላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል።

ስሕተት የሚበዛው አቀማመጡ ላይ ነው። ሰው አዲሱን መሣሪያ ወስዶ የሚያስቀምጠው ዋይፋይ ጨርሶ በጠፋበት ክፍል ውስጥ ነው። እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነበር! ራሱ ያልሰማ ለሌላው ምን ያሰማል? ቦታው ከመነሻውና ዋይፋይ ከማይደርስበት ክፍል መካከል፣ ገና ደህና አድርጎ በሚሰማበት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ክፉኛ ያደክመዋል፤ ቆርቆሮም መልሶ ያነጥረዋል። 2.4 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ግድግዳ ለማለፍ ይሻላል፤ 5 ጊጋኸርትዙ ይፈጥናል እንጂ ግድግዳ ያሸንፈዋል። ስለዚህ መስኮትን ከመስኮት ማስተያየት ነው። ገመድ መቅበር በሚቻልበት ቦታ ደግሞ፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ፣ ገመዱ ከማናቸውም ቅብብሎሽ ይበልጣል።

መሣሪያ መደርደርም መፍትሔ አይሆንም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የተሠሩ 5 ሺህ ያህል ትንንሽ ላፕቶፖች ለአንዳንድ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ታድለው ነበር። ነጭና አረንጓዴ ናቸው፤ እንደ ጆሮ ቀጥ የሚሉ ሁለት አንቴናዎች አሏቸው፤ ያለ ራውተር እርስ በርስ እንዲቀባበሉ የታሰቡ። ቤቱ ለተራራቀ መንደር ግሩም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ብዙ ላፕቶፖች አንድ ክፍል ውስጥ ሲከፈቱ ሁሉም በአንድ አየር ላይ ይጣራሉና ይጨናነቃሉ። ሠሪዎቹም ኋላ ባወጧቸው ሞዴሎች ሜሹን ተዉት። ለእኛ ግቢ ሦስት በደንብ የተቀመጡ መሣሪያዎች ከስምንት ዝም ብለው ከተበተኑት ይሻሉናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሜሽ ኢንተርኔት አይፈጥርም፤ ያለውን ያዳርሳል እንጂ። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ወራት አልፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ራውተሩ ምን ዋጋ አለው? ትሉ ይሆናል። ዋጋ አለው! መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ለመነጋገር የውጪ መስመር አያስፈልጋቸውም። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብትቀመጥ፣ በላይዋም የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ የቀድሞ ሠልጣኞች የትምህርት ዕቅዶች፣ እንዲሁም ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሚነበበው ዊኪፔዲያ ቢጫን፣ ሠልጣኙ መኝታው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያነባል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ብዙ ቦታ አይዝም።

መብራቱስ? ብዙ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ የሶላር ባትሪም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ይሰጣል። መጀመሪያ ግን ከመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል፤ ቮልቱ ካልገጠመ ያቃጥለዋል፤ በቀጥታም ከባትሪ ጋር አይጠመድም፤ መቆጣጠሪያ በመካከል ይግባ።

የፊታችን ቅዳሜ ስልክና ወረቀት ይዘን ግቢውን በመዞር ዋይፋዩ የት የት እንደሚደክም እንመዘግባለን። አብሮን መዞር የሚሻ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ በር ያግኘን።