አቶ ቢኖር ባይኖር

አዲስ አበባ ላይ «ድራፍት» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚጠብቀው አረፋው ገንፍሎ የሚወርድ ጃምቦ ነው። አሜሪካኖች ግን በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይህንኑ ቃል ሲጠሩ የሚያወሩት ስለ ሰው ነው። ድራፍት ለእነሱ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ተራ ገብተው የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ቢራውም ቢሆን አይቀርም፤ በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሕዝብ ይዞት ይቀመጣል።

የሰፈር ኳስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት የቡድን አባቶች ፊት ለፊት ቆመው አንድ አንድ እያሉ ልጅ ይመርጣሉ፤ መጨረሻ የቀረው ወይ በረኛ ይሆናል፣ ወይ ዳር ቆሞ የሌሎቹን ልብስ ይጠብቃል። ኤንኤፍኤል ውስጥ አባቶቹ 32 ናቸው፣ ምርጫው ሰባት ዙር ይሄዳል፣ ባለፈው ዓመት ውራ የወጣው ክለብም ቀድሞ ይመርጣል። ደካማው ይቅደም የሚለውን ሐሳብ ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። ክለቡ ሽንፈት የለመደ ስለነበር ሐሳቡ ለፍትሕ ከመቆርቆር ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ምርጫ በ1936 ፊላደልፊያ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ተካሄደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው ጄይ በርዋንገር በደመወዝ ሳይስማማ ቀረና በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። እንግዲህ ሥርዓቱ በተወለደበት ዕለት አንደኛው ምርጫ ባከነ ማለት ነው።

ዛሬ ድራፍቱ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐሙስ ማታ የመጀመሪያው ዙር ነው፤ አዲስ ሱፍ የለበሱ ልጆች መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ካሜራው አይጠግብም። ቅዳሜ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር ያሉት ይጠራሉ። በሰባተኛው ዙር አንድ ክለብ ለመወሰን የሚሰጠው ጊዜ 4 ደቂቃ ብቻ ነው። የቅዳሜ ልጆች አብዛኞቹ እቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው ስልካቸውን እያዩ ነው የሚጠብቁት። ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው።

ወደ ቅዳሜ የሚገፋው ማን እንደሆነ በአብዛኛው የሚለየው አስቀድሞ ነው። በየፌብሩዋሪው ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኮምባይን የሚባል ፈተና አለ። ወጣቶቹ ቁምጣ ለብሰው ይመዘናሉ፤ ቁመታቸው፣ ክንዳቸው፣ የእጃቸው መዳፍ ሳይቀር ይለካል። 102 ኪሎ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚያነሡ ይቆጠራል፤ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ገደማ፣ በስንት ሴኮንድ እንደሚሮጡ ይያዛል። የበሬ ገዢ ሻኛውን እንደሚዳስሰው፣ ጥርሱን እንደሚያየው ነው። በሬው ቀንበር ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ግን ጥርሱ አይናገርም።

በ2000 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጣው ቶም ብሬዲ 40ውን ያርድ በ5.28 ሴኮንድ ነበር የጨረሰው። በዚያ ፈተና ላይ የተነሣው ፎቶ ዛሬም ይዞራል፤ ትከሻው የወረደ፣ ጡንቻ የሌለው፣ ስፖርተኛ የማይመስል ልጅ ነው። ቦታው ኳርተርባክ ነበር፤ ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ የሚወረውር ወይም ለሯጭ የሚያስረክብ፣ ቡድኑን በቃሉ የሚመራ ሰው። በድራፍቱ ጊዜ ሳን ማቴዮ ካሊፎርኒያ ወላጆቹ ቤት ሆኖ ሲጠብቅ ስድስት ኳርተርባኮች ቀደሙት። አንደኛው ጆቫኒ ካርማዚ ነበር፤ እሱን በ65ኛ ተራ የመረጠው ብሬዲ ከልጅነቱ ሲደግፈው የኖረው ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ነው። ካርማዚ በሊጉ አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ። ብሬዲ ቤት ውስጥ መቀመጥ ቢያቅተው የቤዝቦል ዱላውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፣ ወላጆቹም ተከትለውት ሰፈሩን አብረው ዞሩ። ከዓመታት በኋላ፣ ዋንጫ ከጠገበ ወዲህ፣ ያችን ዕለት በካሜራ ፊት ሲያወራ እንባው መጣ።

በመጨረሻ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በስድስተኛው ዙር በ199ኛ ተራ ስሙን ጠራው። ቀሪው የሚታወቅ ነው፦ 23 ዓመት ተጫውቶ ሰባት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ አሸነፈ። ታዲያ ሰው ሁሉ ፓትሪዮትስን «ዕንቁውን ያወቁ» እያለ ሲያሞግስ እኔ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እነሱም ራሳቸው ከብሬዲ በፊት ስድስት ሌሎች ልጆችን መርጠው ነበር። ቢያውቁት ኖሮ እስከ 199 ይጠብቁ ነበር? ከሌላው የሚለዩት በማወቃቸው ሳይሆን ከመረጡት በኋላ ባለመጣላቸው ይመስለኛል። በዚያ ዓመት አራት ኳርተርባክ ይዘው ከረሙ፤ ለአንድ ክለብ ይህ ትልቅ ብክነት ነው። ብሬዲ ዓመቱን ሙሉ የገባው አንድ ጨዋታ ላይ ብቻ ሲሆን ሦስት ጊዜ ወርውሮ አንዱ ተያዘለት።

ብሬዲን አይቶ «ይሄ ልጅ ይሆነናል» ያለ አንድ ሰው በእርግጥ ነበር፤ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ ዲክ ሬህባይን። በኦገስት 2001 በ45 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ሰባት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 23፣ የቡድኑ ዋና ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ ወደ ሜዳው ጠርዝ ሲሮጥ የተጋጣሚው የጄትስ ተጫዋች ሞ ልዊስ መታው፤ ደረቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ብሌድሶ የ1993 ድራፍት አንደኛ ተመራጭ ነበር፤ በማርች 2001 የ10 ዓመት 103 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። 199ኛው ተነሥቶ ገባ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ፓትሪዮትስ የመጀመሪያ ሱፐር ቦውላቸውን ራምስን 20 ለ 17 አሸንፈው ወሰዱ። ሬህባይን ይህን አላየም።

ብሬዲ እንግዲህ እንደ ተአምር ይወራል። ተአምር ደግሞ ትምህርት አይሆንም። ከመጨረሻዎቹ ዙሮች ኮከብ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት እኔ የምመርጠው የሻናሃን ቤተሰብን ነው፤ ሁለቱም አሠልጣኝ የሆኑትን አባቱን ማይክንና ልጁን ካይልን።

ማይክ ሻናሃን በ1995 ዴንቨር ብሮንኮስን ሲረከብ በስድስተኛው ዙር፣ በ196ኛ ተራ፣ ቴረል ዴቪስ የሚባል ሯጭ መረጠ። ልጁ ሯጮቹ በሰልፍ ሲቆጠሩ ከኋላ ነበር። በክረምቱ ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ቶኪዮ ሄደ፤ ዴቪስ እዚያ ተስፋ ቆርጦ ጥሎ ሊሄድ አስቦ እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ኳስ እንኳ አልሰጡትም፤ ያስገቡት ኳስ ተመቶ ሲሄድ ሮጦ ተቀባዩን እንዲጥል ነው። ሮጦ ሄደና ሰውየውን ባለበት አጋደመው። አሠልጣኞቹ ቀና ብለው ያዩት በዚያች ግጭት ነው። በዚያው ዓመት 1,117 ያርድ ሮጠ።

የሻናሃን አጨዋወት ዘዴው እንዲህ ነው። ከፊት ያሉት ግዙፎች በየፊናቸው አይገፉም፤ አምስቱም እንደ ዘፋኝ ሰልፍ ተያይዘው ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ሯጩ ከኋላቸው ታግሶ ይከተላል፣ ቀዳዳ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፍና ወደ ፊት ይወረወራል። ወዲያ ወዲህ መፈናጠር የለም። ይህ የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት እንጂ በሴኮንድ የሚለካ ጥድፊያ አይደለም። ሌላው ክለብ የጣለው ሯጭ ለእነሱ ልክ ሊሆን የቻለው ለዚህ ነው።

ዴቪስ በጃንዋሪ 1998 በተወለደባት ከተማ በሳን ዲዬጎ በተደረገው ሱፐር ቦውል ሜዳ ላይ እያለ ማይግሬን ተነሣበትና ዓይኑ ጨለመ። አላይም አለ። ሻናሃን ማየት አያስፈልግህም፣ ብቻ ግባ፣ አንተ ከሌለህ ኳሱ ለሯጭ ነው ብለው አያምኑንም ብሎ አስገባው። ባዶ እጁን ኳስ እንደያዘ ሆኖ ሮጠ፤ ተከላካዮቹ ወደ እሱ ሲጎርፉ ኳርተርባኩ ጆን ኤልዌይ በሌላ በኩል ዞሮ አስቆጠረ። ዴቪስ ከእረፍት በኋላ ተሽሎት ተመለሰ፤ 157 ያርድ ሮጦ፣ ሦስት ጊዜ አስቆጥሮ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን 2,008 ያርድ ሮጠ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።

በ2012 ማይክ ሻናሃን ዋሽንግተን ነበር፤ የሩጫውንና የውርወራውን ዕቅድ የሚያወጣለት ልጁ ካይል ነው። ክለቡ ሮበርት ግሪፈን የተባለውን ኳርተርባክ በሁለተኛ ተራ ለመምረጥ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ከፈለ። በስድስተኛው ዙር ደግሞ፣ በ173ኛ ተራ፣ አልፍሬድ ሞሪስን ወሰደ። ሞሪስ የሚነዳው የ1991 ሞዴል ማዝዳ 626 ነበር፤ ከፓስተሩ በ2 ዶላር የገዛትን መኪና «ቤንትሌይ» እያለ ይጠራታል። በዋሽንግተን ፓርኪንግ ሠርቶ ያለፈ ያገሬ ሰው ብዙ ነውና፣ ከተጫዋቾቹ የቅንጦት መኪናዎች መሐል ያች ማዝዳ ቆማ ስትታይ ምን እንደምትመስል መገመት አያቅተውም። ሞሪስ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,613 ያርድ ሮጠ። በመጨረሻው ጨዋታ ዳላስ ካውቦይስ ላይ 200 ያርድ ሮጦ ሦስት ጊዜ አስቆጠረና ክለቡ ምድቡን አሸነፈ። ግሪፈንም በዚያ ዓመት አብርቶ ነበር፤ ግን በጥሎ ማለፉ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

«የናቁት ያስረግዛል» የሚለው ያገራችን ተረት እዚህ ጋ ይመጣል፤ ግን እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም። ከስድስተኛውና ከሰባተኛው ዙር ከሚመረጡት ብዙው ልጅ ኦገስት ላይ ቡድኑ ሲቀነስ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ ስሙንም ማንም አያነሣውም። ኳርተርባኩ ጆኒ ዩናይተስ እንኳ፣ በ1955 በዘጠነኛው ዙር ተመርጦ፣ በመረጠው በፒትስበርግ ተባርሮ ነው በኋላ ባልቲሞር ላይ ታላቅ የሆነው።

ከሁሉ መጨረሻ የሚጠራው ልጅ ግን ልዩ ስም አለው፤ ሚስተር ኢረለቫንት ይሉታል። በእኛ ቢመለስ «አቶ ቢኖር ባይኖር» ማለት ነው። ይህን የጀመረው በ1976 የቀድሞ ተጫዋች የነበረው ፖል ሳላታ ነው። የመጨረሻው ተመራጭ ካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች ሄዶ አንድ ሳምንት ይደሰታል፣ ዋንጫም ይሸለማል፤ ዋንጫው ላይ ያለው ምስል ኳስ ከእጁ የወደቀበት ተጫዋች ነው። በ1979 ሁለት ክለቦች ለወሬው ሲሉ መጨረሻ ለመሆን ተራቸውን እየዘለሉ ስለተጫወቱ ሊጉ ሕግ አወጣበት።

በ2022 ዋንጫውን የወሰደው 262ኛው ተመራጭ ብሮክ ፐርዲ ነበር። አዮዋ ስቴት ላይ አራት ዓመት ሙሉ የተጫወተ፣ ቁመቱም ክንዱም ለኮምባይን ሰዎች የማያስደንቅ ልጅ ነው። የመረጠው ፎርቲናይነርስ ነው፤ አሠልጣኙ ካይል ሻናሃን። ካይልም አባቱ ዋሽንግተን ላይ የከፈለውን ዋጋ ደግሞት ነበር፤ ትሬይ ላንስ ለተባለው ኳርተርባክ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ሰጥቷል። ላንስ ሴፕቴምበር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሁለተኛው ጂሚ ጋሮፖሎ ዲሴምበር 4 ቀን እግሩ ተሰበረ። ሦስተኛው አቶ ቢኖር ባይኖር ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ሲያደርስ የዓመት ደመወዙ 870,000 ዶላር ነበር፤ በሊጉ የዋና ኳርተርባክ ዋጋ ይህ የኪስ ገንዘብ ነው። በ2025 የአምስት ዓመት 265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

እኔ ግን የማልረሳው ከዚያ በፊት የነበረውን ዲሴምበር 11 ቀን 2022 ነው። ፐርዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ሆኖ ሲሰለፍ ከወዲያ የቆመው የ45 ዓመቱ ቶም ብሬዲ ነበር፤ በታምፓ ቤይ ማልያ። ብሬዲ በ199ኛ ተራ ሲጠራ ፐርዲ ገና አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ነበር። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ሲዞር የፐርዲ አባት ቆሞ ያለቅሳል። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 35 ለ 7 ነበር፤ 35ቱ የ262ኛው።