ድህነቱ ወደ ዳር ሲወጣ

የአዲስ አበባ ድሃ ለረጅም ጊዜ የኖረው መሃል ከተማ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ትርፍ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው፣ በጥቂት ብር ኪራይ አራት ኪሎና ካዛንቺስ ከባለሀብቱ ጎን አኖሩት። መልሶ ማልማቱ ሰፈሮቹን ተራ በተራ ሲያነሣ ግን ነዋሪው ወደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ገላን ጉራ ወጣ። በዚያው ዙሪያ መሬቱ ለከተማው የተወሰደበት፣ የካሳው ገንዘብም ያለቀበት ገበሬ አለ።

ዳር መውጣት ገቢን ይነካል። ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ ወይም ጉልት ተቀምጣ የምታድር እናት ደንበኞቿ የቀሩት በድሮ ሰፈሯ ነው። ታክሲ ቀያይራ ብትመላለስ የቀን ገቢዋ በመንገድ ያልቃል። እድሩም ተበትኗል። አዲሱ ሰፈር እድር ቢያቋቁምም መግቢያውን መክፈል ለሷ ቀላል አይደለም።

የመንግሥት ድጋፍስ? በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ወደ ከተማ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፣ ከክፍያውም ይቆጥባል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ብዙ ቤተሰብ የታደገ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል።

ክፍተቱ የሚጀምረው በወረዳው መስኮት ላይ ነው። ለድጋፍ የሚመለመለው የወረዳው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪነት የሚረጋገጠው ደግሞ በመታወቂያ። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋል፤ ተከራይ ከሆነም በቤት ቁጥሩ ለመመዝገብ የአከራይ ፈቃድ። አከራዩ ግብሩን፣ ኋላ የሚመጣውንም ጭቅጭቅ ፈርቶ እሺ አይልም። ተከራይዋ «ሰነድሽ አልተሟላም» ተብላ ትመለሳለች። ያለ መታወቂያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆንም ይቸግራል። በየጊዜው ቤት የሚቀይረው እጅግ ድሃው ሰው መሆኑን ስናስብ፣ አሠራሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥለው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

በኔ እምነት ድጋፉ ከቤት ቁጥር መላቀቅ አለበት። ዛሬ ፋይዳ የተባለው የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር የተሰጠው ለሰውየው እንጂ ለቤቱ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ምዝገባውን በዚህ ላይ ይመሥርት፤ ተነሺ ሲዛወርም መዝገቡ ከቤት ዕቃው ቀድሞ አዲሱ ወረዳ ይድረስ።