ኤሌክትሮንን ከአቶም ለመንጠቅ ኢነርጂ የሚያስፈልግበት ምክንያት

ስለ አዮናዊ ትስስር በሚሰጥ ትምህርት «ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ይረጋጋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በብዙ ተማሪዎች ደብተር ሰፍሮ ይገኛል። አባባሉ ለማስታወስ የሚመች ቢሆንም ተማሪውን ወደ ስሕተት ይመራዋል፤ ይኸውም ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ የሚለቅ፣ በመልቀቁም ኢነርጂ የሚያወጣ ይመስለዋል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። በጋዝ መልክ ከሚገኝ አንድ ሞል ሶዲየም፣ ከእያንዳንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ከውጭ መግባት አለበት።

በዕለታዊው አማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ስለሚውል፣ መምህሩ አስቀድሞ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች መለየት ይኖርበታል። እዚህ «ኃይል» የተባለው አንዱ አካል ሌላውን የሚስብበት ሲሆን፣ ያንን ኃይል ተቋቁሞ አንዱን ከሌላው ለማራቅ የሚወጣው ደግሞ «ኢነርጂ» ተብሏል።

ኒውክለስ ፖዘቲቭ፣ ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው በመሆናቸው ይሳሳባሉ። ፈረንሳዊው ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1785 እንዳስረዳው ይህ ኃይል ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ነገር ግን በየትኛውም ርቀት ፈጽሞ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ በሚርቅበት መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ ይሳባል። ነገሩ ከጉድጓድ ውኃ በባልዲ እንደ መቅዳት ነው፤ ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ድካሙ ይበዛል። ይሁን እንጂ ምሳሌው ወሰን አለው። የባልዲው ክብደት ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በአቶም ግን ስበቱ በቅርብ ይበረታል፣ በሩቅ ይላላል፤ ከኢነርጂው የሚበዛውም የሚወጣው በመጀመሪያው የጉዞ ክፍል ነው።

ኤሌክትሮኑ በእንቅስቃሴ ላይ ስለሆነ ለምን በራሱ አያመልጥም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በሃይድሮጂን አቶም ከኒውክለሱ ለመላቀቅ በአማካይ 27.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ከእንቅስቃሴው የሚገኘው ግን 13.6 ብቻ ነው። ጎደሎው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም በሞል 1312 ኪሎጁል፣ የሃይድሮጂን አዮናይዜሽን ኢነርጂ የሚባለው ነው።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ የጉዳዩን ከፊል ማሳየት ይቻላል። በእሳት ነበልባል ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ሲነሰነስ ደማቅ ቢጫ ብርሃን ይታያል። የሶዲየም ውጫዊ ኤሌክትሮን ከእሳቱ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ተቀብሎ ከፍ ይላል፤ ሲመለስ ያንኑ በብርሃን መልክ ይከፍላል። ፈጽሞ ለመውጣት ግን 5.14 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልገው ነበር።

የጉድጓዱ ጥልቀት ከአቶም አቶም ይለያያል። በሊቲየም 520፣ በሶዲየም 496፣ በፖታሲየም 419 ኪሎጁል ነው። የፕሮቶኖቹ ቁጥር ሲጨምር ስበቱም መጨመር ነበረበት የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ውጫዊው ኤሌክትሮን እየራቀ መሄዱንና የውስጦቹ ኤሌክትሮኖች እንደ መጋረጃ መከለላቸውን ማስረዳት ያሻል።

እንግዲህ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን የሚያጣው በዋጋ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ክሎሪን ነው እንዳይባል፣ የክሎሪን አቶም ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚያወጣው 349 ኪሎጁል ብቻ ነው፤ 147 ይጎድላል። ከዚህም ላይ የሶዲየምን ብረት ወደ ጋዝ ለመለወጥ 107፣ የክሎሪንን ሞለኪውል ለመክፈል 122 ይጨመራል። ዕዳውን የሚዘጋው ተቃራኒ አዮኖቹ ተሳስበው በክሪስታል ሲደረደሩ የሚወጣው 787 ኪሎጁል ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ በሞል 411 ኪሎጁል ይተርፋል። መርሐ ትምህርቱ የስምንት ኤሌክትሮንን ደንብ ከዚህ ሒሳብ ነጥሎ ሲያቀርብ፣ ተማሪው የሚይዘው ደንቡን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

ሒሳቡን የተረዳ ተማሪ፣ ሶዲየም ለምን ሁለት ኤሌክትሮን እንደማያጣ ሲጠየቅ ደንብ መጥቀስ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ኤሌክትሮን የሚነጠቀው ለኒውክለሱ ከሚቀርበው የውስጥ ሽፋን ስለሆነ ተጨማሪ 4562 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ በማግኒዚየም ክሎራይድ ክሪስታል የሚገኘውን ያህል፣ 2500 ገደማ ኪሎጁል ቢገኝ እንኳ ይህን ሊሸፍን አይችልም። ማግኒዚየም ግን ሁለቱንም በ738 እና በ1451 ኪሎጁል ስለሚያጣ የዚያው ክሪስታል ኢነርጂ ይበቃዋል።