ስምጥ፣ ሊጥና አመድ፦ የሥነ ምድር ቃላት ከሥራቸው ሲታዩ

የሥነ ምድርን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ የሚቸገረው በአለቱ ሳይሆን በቃሉ ነው። ሊቶስፌር፣ ሜታሞርፊክ፣ ሲስሞሎጂ የሚሉት ስያሜዎች ትርጉማቸው ሳይመረመር በቃል ይጠናሉ፤ ፈተናው ባለፈ ማግስትም ይረሳሉ። ሆኖም እያንዳንዱ ስያሜ በውስጡ አንድ ምልከታ ይዟል። በዚህ ጽሑፍ ጥቂቶቹን ከሥራቸው እየፈታን፣ የሚያስተምሩንንና አልፎ አልፎም የሚያሳስቱንን ለይተን እንመለከታለን።

ጥቂት ቁልፎች

ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ስያሜዎች የተገነቡት ከጥቂት የግሪክ ቃላት ነው። «ጌ» ምድር፣ «ሎጎስ» ቃል ወይም ትንታኔ፣ «ሊቶስ» ድንጋይ፣ «ሞርፌ» ቅርጽ ማለት ሲሆን «ሜታ» ለውጥን ያመለክታል። ስለዚህ ሊቶስፌር «የድንጋይ ሉል» ነው፤ ሜታሞርፊክ አለትም በሙቀትና በግፊት መልኩን የለወጠ አለት መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል። ሲስሞሎጂ የመጣው መንቀጥቀጥ ከሚለው «ሴይስሞስ» ነው። የእኛው «ርዕደ መሬት»ም እንዲሁ ራደ፣ ተንቀጠቀጠ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ይወለዳል። በ«ጂኦሎጂ»ና በ«ሥነ ምድር» ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። የግሪኩ «ስለ ምድር የሚነገር ቃል» ሲል፣ የግዕዙ «ሥን» በመነሻው ውበት ማለት ነው።

የተሰነጠቀ ወይስ የሰመጠ?

እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ የታላቁን ሸለቆ ስም በሰፊው አስተዋወቀ። እርሱ የተጠቀመበት «ሪፍት» የሚለው ቃል ሥሩ መሰንጠቅ ነው። አማርኛው ግን «ሰመጠ» ከሚለው ግሥ ተነሥቶ «ስምጥ ሸለቆ» ይለዋል። የትኛው ትክክል ነው? ሁለቱም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚናገሩት የእውነቱን ግማሽ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኙ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ይህ መሰንጠቁ ነው። በመካከል ያለው ምድር ደግሞ ድጋፉን ሲያጣ በስብራቶቹ መስመር ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ይህ መስመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ ሁለቱ ገጽታዎች በአንድነት ታዩ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ፤ መሀሉም ዝቅ አለ።

ሊጥና ጎርፍ

ያንን ስንጥቅ ከታች የሞላው ማግማ ነበር። ከጥቂት ፍንዳታ በቀር አብዛኛው ወደ ላይ ሳይወጣ ቀረ። «ማግማ» መለወስን ከሚያመለክት የግሪክ ግሥ የመጣ ነው፤ ሊጥ ልንለው እንችላለን። «ላቫ» ግን በጣሊያን ቬሱቪየስ ተራራ አካባቢ ጎርፍን ያመለክት የነበረ ቃል ነው። ሊጡ ገና በቡሃቃው ሳለ ማግማ፣ ፈስሶ ከወጣ በኋላ ላቫ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። በዚያን ጊዜ ማግማ ከምድር በታች ተንቀሳቅሷል፤ ላቫ ግን አልፈሰሰም። «ማግማ ተንቀሳቀሰ» የሚለውን ዜና «ላቫ ሊፈስ ነው» ብሎ የሚረዳ ሰው ያለ ልክ ይደነግጣል፤ አደጋው የፍሳሹ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ደግሞ ቤት ከሚያፈርሰው ርዕደ መሬት መጠንቀቅን ይዘነጋል።

እሳት የሌለው እሳት

አንዳንድ ስያሜ ደግሞ ያሳስታል። አውሮፓውያን «ቮልካኖ»ን ያገኙት ከሮማውያን የእሳት አምላክ ከቩልካን ሲሆን፣ እኛ «እሳተ ገሞራ» ያልነው በኦሪት ዘፍጥረት በዲንና በእሳት የጠፋችውን ከተማ በማሰብ ነው። ሁለቱም ስሞች እሳትን ይጠራሉ፤ በተራራው ሆድ ውስጥ ግን እንደ ማገዶ የሚነድ ነገር የለም፤ ያለው በሙቀት የቀለጠ አለት ነው። ስለሆነም «አመድ» የምንለው ከቃጠሎ የተረፈ ሳይሆን የደቀቀ አለትና መስታወት ነው። የምድጃ አመድ ለስላሳ ነው፤ ይህኛው ግን ይቧጭራል። ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል፤ በግጦሽ ላይ ሲያርፍም ከብቱን ያውካል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 2025 በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ በነፋስ እስከ ህንድ በደረሰ ጊዜ፣ በአፍዴራ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው በዚሁ ብናኝ ተሸፍኖባቸው ነበር። ለእነርሱ «አመድ ነው» ማለት ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ አይሆንም፤ የደቀቀ ድንጋይ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

ስለዚህ አዲስ ስያሜ በገጠመን ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ። ሥሩ ምንድን ነው? የሰየመው ሰው ምን አይቶ ነበር? ሳይንስ ከዚያ ወዲህ ምን ጨመረበት? የመጀመሪያው ጥያቄ ቃሉን እንዳንረሳ ያደርገናል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቃሉ እንዳያታልለን ይጠብቀናል።