የጌዴኦን ደን በሁለት ዓይን ማየት

ዛሬ ስለ አንድ የቆየ መሣሪያ ልንገራችሁ። ስቴሪዮስኮፕ ይባላል። ከ150 ዓመት በፊት በአሜሪካ ሸለቆዎችና አራዊት በሕግ እንዲጠበቁ ካገዙት ነገሮች አንዱ ነው። ለጌዴኦም ዛሬ ይጠቅማል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ የቀኙ የሚያየው ከግራው ትንሽ ይለያል። አንጎላችን ሁለቱን አዋህዶ ቅርቡን ከሩቁ ይለያል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን እ.ኤ.አ. በ1838 በመሣሪያ አሳየ። በኋላ ፎቶ አንሺዎች አንዱን ቦታ በዚያው ልዩነት ሁለት ጊዜ እያነሱ ፎቶዎቹን በካርቶን ላይ ጎን ለጎን ይለጥፉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1861 አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ፎቶ እንዲያይ የሚያደርግ ቀላል የእጅ መመልከቻ ሠራ፤ የፈጠራ መብት ስላላስመዘገበበትም ማንም እየሠራ ይሸጠው ስለነበር በየሳሎኑ ገባ።

በዚያው ዓመት ፎቶ አንሺው ካርልተን ዋትኪንስ ዮሰማይት ሸለቆ ገብቶ ትልልቅ ፎቶዎችንና የስቴሪዮ ፎቶዎችን አነሳ። ሸለቆውን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ገደሉንና ግዙፎቹን ዛፎች በፎቶዎቹ አወቁ፤ በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆውን የሚጠብቅ ሕግ ፈረሙ። በ1871 ሌላው ፎቶ አንሺ ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን የሎውስቶን የተባለውን ቦታ አነሳ። ፎቶዎቹ ለኮንግረስ አባላት ታዩ፣ በማርች 1872 የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ቆይቶም አዳኞች ሊጨርሱት የደረሱት የአሜሪካ ጎሽ መጠለያ ያገኘው እዚያ ነው፤ በ1902 ገደማ በፓርኩ የቀሩት ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነበሩ፣ ዛሬ ግን በሺህ ይቆጠራሉ።

እነዚያ ፎቶዎች ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው። አብዛኞቹ መሬቱን ሰው የሌለበት አስመስለው ነው ያሳዩት። በዮሰማይት የአህዋኒቺ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ የሎውስቶንም የሾሾኒና የሌሎች ሕዝቦች መኖሪያና ማደኛ ነበር። በኋላ ከመሬታቸው ተገፍተዋል።

የእኛ ነገር ከዚህ ተቃራኒ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው እየኖረበትና እያረሰበት ያለ ደን ስለሆነ ነው። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ስትሄዱ የምታዩት አረንጓዴ ተደራራቢ ነው፦ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች፣ ከነሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ መሬቱ ላይ የረገፈው ቅጠል። ወፉ፣ ጉሬዛውና ንቡ የሚኖሩት በዚህ ድርብርብ ውስጥ ነው። ዳገቱ በዝናብ እንዳይታጠብም የያዘው እሱው ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የሚመክሩበት ባህልም የጠበቀው ይህንኑ ነው።

ችግሩ፣ በተራ ፎቶ ይህ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ዛፉ ተቆርጦ ጫት ብቻ የተተከለበት ማሳም ከሩቅ ሲነሳ አረንጓዴ ነው። ፎቶውን የሚያይ ሰው የጠፋው ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የጠፋው ጥልቀቱ ነውና! በስቴሪዮስኮፕ ግን ዛፉ ከእንሰቱ፣ እንሰቱም ከቡናው ተለይቶ ይታያል፤ ባዶ የሆነውም ባዶነቱ ይታወቃል። ይህን መሣሪያ ለአገራችን የምመኘው ለዚህ ነው።

ደግሞ በስልክ ይቻላል፦

1. ንፋስ በሌለበት ጠዋት አንሱ፤ ቅጠል ከተንቀሳቀሰ ሁለቱ ፎቶዎች አይገጥሙም።
2. አንድ ፎቶ አንሱና ስልኩን ሳታዘነብሉ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ አንቀሳቅሳችሁ ድገሙ። ይህ ሁለት ሜትርና ትንሽ ራቅ ላለ ነገር ይበቃል። ለሩቅ ነገር ልዩነቱን አስፉት፤ ልማዱ የርቀቱን አንድ ሠላሳኛ መውሰድ ነው። በጣም ቅርብ ያለው ዛፍ 30 ሜትር ከራቀ አንድ ሜትር ተራመዱ።
3. ለጉሬዛና ለወፍ ይህ አይሆንም፤ ስለሚንቀሳቀሱ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይዛችሁ እኩል ተጫኑ።
4. ፎቶዎቹን እያንዳንዳቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር ሳይሰፉ አሳትሙ። የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ ለጥፉ።
5. እኩል የሆኑ ሁለት አጉሊ መነጽሮች በካርቶን ላይ ግጠሙ። ጥርት እስኪል ፎቶውን አቅርቡ፣ አርቁ።

የዲላ፣ የወናጎና የይርጋጨፌ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ይህን ቢጀምሩ ደስታዬ ወሰን የለውም። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ አንሱ፤ የትኛው ድርብርብ እንደሳሳ ከማንም በፊት ታያላችሁ። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ገበሬውንም ከፎቶው ውስጥ አስገቡት፤ ይህን ደን ተክሎ ያቆየው እሱ ነውና፣ ያለ እሱ የሚታይ የጌዴኦ ፎቶ እውነት አይሆንም። መምህራን፣ መሥራት የምትፈልጉ ከታች ጻፉልኝ፤ አብረን እንሠራለን።